ኅዳር ሳይገባ

ይህን ነገር ለማንም ተናግሬ አላውቅም። ለነፍስ አባቴ ልናገር ሁለት ጊዜ ሄጄ፣ ሁለቱንም ጊዜ ጾም መግደፌን ተናዝዤ ተመለስኩ። ባሌም አያውቅም። ለእናንተ የምነግራችሁ ስለማታውቁኝ ነው፤ ፊታችሁን እያየሁ ቢሆን አሁንም ስለ ጾም አወራችሁ ነበር።

በአፍ ሲነገር ትንሽ ነገር ነው። አንዲት እናት ደብዳቤ አንብቢልኝ አሉኝ፣ አነበብኩላቸው። አንድም ቃል አልዋሸሁም። መናዘዙ የከበደኝም ለዚህ ሳይሆን አይቀርም። ውሸት ቢሆን ስሙ ይታወቃል፤ ዋሸሁ ይባላል፣ ይለቀሳል፣ ይታለፋል። የእኔን ምን ብዬ ልጥራው?

ጊዜው በፈረንጆቹ ዘጠና ሰባት ነው። ሮተርዳም፣ ሊፍት የሌለው ሕንፃ አራተኛ ፎቅ ላይ እኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት የአረጋውያን መጦሪያ ቤት ሽማግሌ አጥባለሁ፣ ከሰዓት ደች እማራለሁ። ከዚያ በፊት ሁለት ዓመት ተኩል በስደተኞች ካምፕ ከሦስት ሴቶች ጋር አንድ ክፍል ተኝቻለሁ። ከዚያ የወጣሁት አንድ ምኞት ይዤ ነው፤ እኔ የምቆልፈው በር፣ ከበሩ ጀርባ ደግሞ አፈር። የገበሬ ልጅ እንኳ አይደለሁም፤ አባቴ መርካቶ ጨርቅ ነጋዴ ነበር። ብቻ አማረኝ፣ ምን ላድርግ።

ደቾች ከከተማው ዳር በማኅበር የሚያከራዩት የአትክልት ቦታ አላቸው። ፎልክስታውን ይሉታል፤ እኛ አሳጥረን ታውን እንለዋለን። ወረፋው ረጅም ነው። ተመዝግቤ ሦስተኛ ዓመቴን ይዤ ነበር።

እማማ አስካለ ግን ታውን ነበራቸው። ዞተርሜር የሚኖረው ልጃቸው ደረጀ ከአገር ቤት ሲያስመጣቸው፣ ቤት ተቀምጠው እንዳይከፋቸው ብሎ የተከራየላቸው ነው። ጥግ ላይ አንድ የፖም ዛፍ፣ ከሳንቃ የተሠራች ጎጆ፣ ሰማያዊ የእንጨት በር። ድንች፣ ጤና አዳም፣ በሶብላ፣ ከሁሉም በላይ ደግሞ የሐበሻ ጎመን ያበቅላሉ። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ጎመናቸውን በላስቲክ ተሸክሞ ወደ ቤቱ ያልሄደ የደብራችን ሰው የለም። ፎቅ ላይ ሲሆኑ «ሰው እስኪያነሣኝ የምቀመጥ ሻንጣ ሆኛለሁ» ይሉ ነበር። ታውኑ ውስጥ ግን አዛዧ እሳቸው ናቸው። ጉልበታቸው ያማቸዋል፣ ግን ጎንበስ ካሉ ቀና አይሉም።

ቅዳሜ ቅዳሜ አብሬያቸው እሄዳለሁ። አረምን ከቡቃያ መለየት ያስተማሩኝ እሳቸው ናቸው። እኔ ደግሞ ደብዳቤ አነብላቸዋለሁ። ደረጀ ሥራ ይበዛበታልና በወር አንዴ ነው የሚመጣው፤ ከኸሜንተው፣ ማለትም ከማዘጋጃ ቤቱ፣ ከሐኪም ቤቱ፣ ከቤት አከራዩ የሚመጣውን ወረቀት ሁሉ በላስቲክ ከረጢት አጠራቅመው ይጠብቁኛል። «ትርንጎዬ፣ ዐይኔ አንቺ ነሽ» ይሉኛል። ልብ አድርጉልኝ። ዐይኔ ነሽ ነው ያሉኝ።

የዚያ ዓመት መስከረም ክፉ ነበር። በእኛ አገር መስከረም ሲጠባ ዝናቡ ያበቃል፣ ሜዳው ያብባል። ሆላንድ ግን ያን ጊዜ ነው ሰማዩ የሚከደነው። እማማ አስካለ ይህን ነገር ሊለምዱት አልቻሉም። እንቁጣጣሽ በዋለ ማግስት ዝናብ ሲጀምር «እዚህ አገር ክረምቱ ተሳስቶ ነው የሚመጣው» ብለው ይቆጡ ነበር። ጭቃው ቦት ጫማ ያስቀራል። ቀንድ አውጣው የበሶብላውን ቅጠል ወንፊት አደረገው። ለዘር የተተወው ጎመን ደግሞ ከወገብ በላይ አድጎ፣ አገዳው እየተጋደመ ወደ ጎረቤት አጥር ተንጋለለ። «ይነቀል» ስላቸው «ዘሩ ሳይደርቅ ይነቀላል እንዴ? ከርሞ ምን ልንበላ ነው?» አሉኝ። የማኅበሩ ኮሚቴ ግን ያን ጎመን አረም ብሎ ነው የመዘገበው። በበጋው አንድ ማስጠንቀቂያ መጣ፣ በመስከረም ሁለተኛው።

ሦስተኛው የመጣው በጥቅምት መጀመሪያ ነው። ከዚያ በፊት ባለው ሳምንት ማኅበሩ ቢሮ ደውዬ ወረፋዬን ጠይቄ ነበር። ጸሐፊዋ «አንደኛ ነሽ፣ ግን ዘንድሮ የሚለቅ ያለ አይመስለኝም» ብላኛለች። ይህን ይዤ ነው እማማ አስካለ ወጥ ቤት የተቀመጥኩት። ሻይ ቀዱልኝ፣ ከከረጢቱ ደብዳቤውን አውጥተው ሰጡኝ። ኖቬምበር ከመግባቱ በፊት ቦታው ካልጸዳና ካልተቆፈረ ውሉ ይፈርሳል ይላል።

«ኅዳር ሳይገባ ታውኑን ያጽዱ፣ አለዚያ ይወሰዳል ነው የሚለው» አልኳቸው።

ኖቬምበርን ኅዳር ማለት የሁላችንም ልማድ ነው። ሐኪም ቤት ሲያስተረጉም፣ ቀጠሮ ሲይዝ፣ እንዲህ የማይል አበሻ የለም። ግን የፈረንጁ ኖቬምበር የእኛን ኅዳር በዘጠኝ ቀን ይቀድመዋል። እኔ እንደ ሌላው በፈረንጅ ቀን ነው የምኖረው። እማማ አስካለ ግን ቀን የሚቆጥሩት በሚካኤል፣ በማርያም፣ በመድኃኔ ዓለም ነው። ለእሳቸው ኅዳር ማለት ኅዳር ነው፣ ሌላ ኅዳር የላቸውም።

ፊታቸው ፈካ አለ። «ኅዳር ሳይገባ ከሆነማ ጊዜ አለን» አሉ። «የጥቅምት መድኃኔ ዓለም ይለፍና ቅዳሜውን ደረጀ ይመጣል። እስከዚያ ዘሩም ይደርቅልኛል። ዘንድሮ ኅዳር ሳይታጠን ቆሻሻችንን አስቀድመን እናቃጥላለን።»

ከጀርባቸው ግድግዳው ላይ ከቤተ ክርስቲያን የወሰዱት የቀን መቁጠሪያ ተሰቅሏል። የእኛ ቀን በትልቁ፣ የፈረንጁ ከሥሩ በትንሹ። አየሁት። ኖቬምበር አንድ ጥቅምት ሃያ ሁለት ላይ ናት፤ ቅዳሜ። ደረጀ የሚመጣው በሚቀጥለው ቅዳሜ ነው፣ ጥቅምት ሃያ ዘጠኝ። ጣቴን ዘርግቼ «እማማ፣ ተሳስቻለሁ፣ ይኸውልዎ» ማለት ብቻ ነበር የሚጠበቅብኝ። ምን ያህል ትንፋሽ ይፈጃል? ሻዬን ጠጣሁ። ጣፋጭ ነበር። ደገሙልኝ።

ዓመታት ሙሉ ከራሴ ጋር የተከራከርኩት እዚህ ላይ ነው። ቃሉ ከአፌ ሲወጣ ልማድ ነበር፤ ይህን እምላለሁ። ዝም ያልኩት ግን እኔ ነኝ። ምላስ አጥንት የለውም ግን አጥንት ይሰብራል ይባላል። ዝምታም ይሰብራል።

ሦስት ሳምንት ያህል ጊዜ ነበረኝ። በእነዚያ ሳምንታት ውስጥ የዋሉትን ቅዳሜዎች አብሬያቸው ሄጄ ድንች አወጣሁ፣ ፖም ለቀምኩ፣ አሥር ጊዜ አፌን ከፍቼ ዘጋሁ። ቢሆንም ሳይናገሩ መቅረት እየዋለ ሲያድር ይቀላል። ከዚያ በፈረንጁ ወር መጨረሻ፣ ዓርብ ቀን ደወሉልኝ። ነገ ዝናቡ ጋብ ካለ ሄደን ትንሽ ትንሽ እንንቀል፣ ደረጀ ሁሉን ለብቻው ከሚሠራ፣ አሉኝ። ነገ ማለት ኖቬምበር አንድ፣ ኮሚቴው ቦታዎቹን እየዞረ የሚያይበት ቀን ነው። ግማሹን እንኳ ብንነቅል ያልፉን ነበር። እኔ ግን ድምፄን አለሳልሼ «እማማ፣ ብርድ ነው፣ ጉልበትዎን ያምዎታል፣ ይረፉ» አልኳቸው። «አንቺ እኮ ለእኔ ታስቢያለሽ» ብለው መረቁኝ።

እስከዚያች ቀን ድረስ ዝምታ ነበር። ያቺን ቀን ግን በገዛ እጄ አደረግሁት።

በሚቀጥለው ቅዳሜ በደረጀ መኪና አብረን ሄድን። ከኋላ መቆፈሪያው፣ ቅጠል መሰብሰቢያው ሬክ፣ ባዶ ጆንያው ሁሉ ተጭኗል። እማማ አስካለ የሥራ ቀሚሳቸው ላይ የዝናብ ልብስ ደርበው፣ ጭሱን የምናጨስበትን ቦታ ሲመርጡ መጡ። ሰማያዊው በር ላይ ላስቲክ የለበሰ ወረቀት ተለጥፏል። ወደ እኔ ዞሩ። «ምን ይላል?» አሉኝ። ያን ጊዜ በትክክል አነበብኩላቸው።

ደረጀ ማኅበሩ ቢሮ ሄደ። ሦስት ጊዜ ጽፈናል፣ ደንብ ደንብ ነው ብለው መለሱት። ሲመለስ ፊቱ ጠቁሯል፤ ደብዳቤውን ማን ነው ያነበበው ሲል እኔ አልኩ። ኅዳር ብዬ ነው የነገርኳቸው አልኩና አለቀስኩ። እንባው እውነተኛ ነበር፤ ከሁሉ የሚያሳፍረኝም እሱ ነው። ደረጀ ወዲያው በረደ። እኔም አንዴ በዚሁ በወር መምታታት የሐኪም ቀጠሮ አሳልፌያለሁ፣ ማንም ይሳሳታል ብሎ አጽናናኝ። እማማ አስካለ በጭቃማ እጃቸው ጉንጬን ጠረጉልኝ። «ተይ አታልቅሺ» አሉኝ። «ወር ብትስቺ ሰው አልገደልሽ።»

ከዚያ ገብተው የተጋደመውን ጎመን አንድ በአንድ እያነሡ፣ ዘሩን እየፈለፈሉ ባዶ የመድኃኒት ብልቃጥ ውስጥ ጨመሩ። ግማሹ በስብሷል። ዝናቡ አላቋረጠም። እኔ ዣንጥላ ያዝኩላቸው።

ከገና በፊት ቁልፉ ለእኔ መጣ። የምለውን ሁሉ አዘጋጅቼ ነበር፤ እምቢ እላለሁ፣ ይቅርብኝ እላለሁ፣ ለእሳቸው ይመለስ እላለሁ። ወረፋዬን ትቼ ስሜን ብሰርዝ ለእሳቸው እንደማይመለስ፣ ለተከታዩ እንደሚሄድ አውቃለሁና፣ ያን ምክንያት አድርጌ ፈረምኩ። ታያላችሁ፣ ምክንያት ሞልቶኛል። ቁልፉን ኪሴ ውስጥ ይዤ ስሄድ ደስ ብሎኝ ነበር። ይህንንም አልደብቃችሁም፤ ደስ ብሎኝ ነበር።

በጸደይ እማማ አስካለን እንግዳ አድርጌ ወሰድኳቸው። በገዛ በራቸው ቆመው «ልግባ?» አሉኝ። ዞር ዞር ብለው አዩ፤ የፖሙን ግንድ ዳሰስ አደረጉ። ከዚያ ከቦርሳቸው ብልቃጡን አወጡና መዳፌ ላይ አስቀመጡት።

«እንኳን ለባዕድ አልሄደ» አሉኝ። «እግዚአብሔር ለአንቺ ብሎት ነው። እጅሽ ይባረክ፣ የዘራሽው ይብቀል።»

አሜን አልኩ።

ዝም ማለቴን፣ ስልኩን፣ ፊርማዬን፣ ሁሉንም ደምራችሁ ይህ «አሜን» ይበልጥብኛል። በረከታቸውንም ሰረቅሁ። እውነቱን እያወቁ እንዳይሰጡኝም ከለከልኳቸው። ያን ዕለት ብናገር ይቅር ይሉኝ እንደነበር አልጠራጠርም። ይቅር እንዳይሉኝ ሳይሆን፣ «ዐይኔ ነሽ» ማለታቸውን እንዳይተዉ ነው የፈራሁት።

ከዚያ በኋላ ጎመኑን በረንዳቸው ላይ በባልዲ ይዘሩ ነበር። ሁለት ባልዲ። ለደብሩ ሰው ቀርቶ ለራሳቸው አይበቃም፤ ግን ስመጣ ጥቂት ቅጠል ሳይቀነጥሱ አይሸኙኝም። ጉልበታቸው ከጎንበስ ማለት ሲያርፍ ይሻለዋል ብለን ነበር፤ ጭራሽ ተሳሰረ። መስኮት ዳር ይቀመጣሉ። ከሦስት ዓመት በኋላ በአንድ ዝናባማ ሳምንት አረፉ። በአርባቸው ደረጀ ተነሥቶ ያመሰገነው ማንን ይመስላችኋል? እናቴን በሰው አገር ያልተለየቻት፣ ደብዳቤዋን ሁሉ ያነበበችላት ብሎ እኔን አሳየ። ሰው ሁሉ ዞሮ አየኝ። ጎንበስ ብዬ እጅ ነሣሁ።

ታውኑ ዛሬም በእጄ ነው። ጎመኑ ከዚያው ዘር ነው፤ በየዓመቱ አንድ መደብ ለዘር እተዋለሁ፤ ለኮሚቴው አስረድቼ። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ፤ የእኔ ግን አልጠራም፤ እኔው ካልተናገርኩ የሚናገር የለምና። ይቅርታ ከእናንተ አልጠይቅም፣ የእናንተ አይደለም። ደረጀ ይህን ካነበበ ራሴን አሳልፌ ሰጥቼዋለሁ። አንድ ነገር ብቻ ቀርቶኛል፤ ያን ደብዳቤ እንደገና ላንብበው።

እማማ አስካለ፣ ኖቬምበር ሳይገባ ነው የሚለው። ከኅዳር በፊት ዘጠኝ ቀን ነው፤ ጥቅምት ሃያ አንድ መጨረሻው ነው። መድኃኔ ዓለምን አይጠብቁ። ዝናቡም አይጠበቅም። ዛሬውኑ ለደረጀ ይደውሉለት፤ ጫማዎን ያድርጉ፣ እኔም መጣሁ።