የጅባ ሰንበር

ጅባ ዝናብ ሲነካው የሚያወጣው ሽታ አለው፤ የደረቀ ሣር ይመስላል፣ ከሥሩ ግን ኮምጠጥ ያለ የእንሰት ጠረን አለበት። ባለፈው ሳምንት ወልቂጤ መናኸሪያ አጠገብ ዝናብ ያዘኝና አንድ ሱቅ በረንዳ ሥር ተጠለልኩ። ባለሱቁ ውጭ ዘርግቶት የነበረውን ጅባ እየተሯሯጠ ጠቀለለና አጠገቤ አቆመው። ሽታው አፍንጫዬ ሲገባ በቆምኩበት ቀረሁ። ልብ አድርግ፣ ሐኪም ነኝ፤ ሬሳ መርምሬ፣ እጄን ታጥቤ ምሳዬን የምበላ ሴት ነኝ። የባጃጅ ሹፌሩ "ዶክተር፣ ግቢ እንጂ!" እያለ ቢጠራኝም እግሬ አልታዘዝ አለኝ።

ለምን እንደሆነ ላጫውትህ።

ጅባ እኛ ጉራጌዎች ወለል ላይ የምናነጥፈው ምንጣፍ ነው። ከእንሰት ይሠራል፤ ቀጫጭን ዘንጎች ጎን ለጎን ተደርድረው በቃጫ ይሰፋሉ። የተኛበትን ሰው ገላ መስመር በመስመር ያደርገዋል። ልጅ ሆኜ ከእንቅልፌ ስነሳ እናቴ ጀርባዬ ላይ የቀሩትን መስመሮች በጣቷ እየተከተለች፣ "ይኼ ወደ ቡኢ ይወስዳል፣ ይኼ ወደ ወልቂጤ፣ ይኼ ደግሞ ወንድሞቼ ቤት ያደርሳል" ትለኝ ነበር። የወንድሞቿ ቤት መንገድ ሁልጊዜ የሚያልቀው ብብቴ ሥር ስለነበር በሳቅ እፈርሳለሁ።

ቤታችን ቡታጅራ ዳር ነበር። አባቴ የበርበሬ ነጋዴ ነበር። መጋዘኑና ቤታችን በአንድ ግድግዳ ስለተያያዙ እንግዳ ሰው ገና በር ላይ ማስነጠስ ይጀምራል፤ እኛ ለምደነዋል። እናቴ የልብ ሕመምተኛ ነበረች። ዳገት አትወጣም፣ ጄሪካን አታነሳም፤ ሌሊት የአልጋው ሙቀት ሲያፍናት ትወርድና ጅባው ላይ በጀርባዋ ትዘረጋለች። አባቴ በእሷ የተነሳ ቁጡ ሰው ሆነ። ባልዲ ስታነሳ ካያት መንደሩ እስኪሰማ ይጮኻል። ፍቅሩ በጩኸት ነበር የሚወጣው፣ ምን ታደርገዋለህ።

የአሥራ ሦስት ዓመት ልጅ ሳለሁ አረፋ ሊገባ ጥቂት ቀን ሲቀረው እናቴ በዓሉን ወንድሞቿ ዘንድ፣ መስቃን ገጠር ውስጥ ላሳልፍ አለች። ባጃጅ የሚያደርሰው ግማሹን ብቻ ነው፤ የቀረው በእግር ነው፣ ያውም ዳገት። ያለፈውን ዓመትም አባቴ ከልክሏት ስለነበር ወንድሞቿ "እህታችንን ቆልፎባታል" ብለው አኩርፈውታል። ማታ መጋረጃ ተከልዬ በተኛሁበት ሲጨቃጨቁ ሰማሁ።

"አትሄጂም አልኩ! ልብሽ ያን ዳገት አይችለውም!"

"ወንድሞቼ እኮ ናቸው።"

ቀጥሎ አንድ ነገር ግድግዳውን መታና ወለሉ ላይ ተንከባለለ። ከዚያ ጸጥ አለ። እኔም እንቅልፍ ወሰደኝ።

ጠዋት የቀሰቀሰኝ አባቴ ከሱብሂ ሶላት ተመልሶ ሲገባ ያወጣው ድምፅ ነው። ልቅሶ ልበለው አልችልም፤ ሰው ሲታነቅ የሚያሰማው ዓይነት ነገር ነበር። እናቴ ጅባው ላይ በጀርባዋ ተኝታለች። በቆርቆሮው ቀዳዳ የገባው ብርሃን ፊቷ ላይ አርፎ ነበር፤ እሷ ግን ፊቷን አላዞረችም። አባቴ አቅፎ አልጋው ላይ አወጣት፣ ከዚያ ጎረቤት ተጠራ።

እኛ ጋ ሬሳ አይቆይም። ቀትር ላይ፣ ከዙህር ሶላት በኋላ እንድትቀበር ተወሰነና ሴቶቹ ጓዳውን በአንሶላ ጋርደው ማጠብ ጀመሩ። የምታጥባት አክስቴ ነበረች፣ የእናቴ ታላቅ እህት። ሬሳ ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም። ጠባሳ ይሁን ጉድለት፣ ምንም ይሁን፣ አማና፣ የአላህ አደራ ነውና ይዞት ይቀበራል። ይህን እኔ እንኳ በዚያ ዕድሜዬ አውቅ ነበር። ግቢው በሰው ሞልቷል፣ ሁለቱ አጎቶቼም ከገጠር ደርሰዋል። ውሃው ሲፈስ፣ ሴቶቹ ዱዓ ሲያንሾካሹኩ እሰማለሁ። ጎኗን ሲያዞሯት ውሃው ቆመ።

"ያ አላህ!" ብላ ጮኸች አክስቴ። "ገርፏታል! ወንድሞቿ የት ናችሁ፣ ጀርባዋ በሰንበር አልቋል!"

በአንሶላው ክፍተት እኔም አየሁ። ባላይ ይሻለኝ ነበር። የእናቴ ጀርባ ከትከሻዋ በታች ወይን ጠጅ ሆኗል፤ በላዩ ላይ ነጫጭ መስመሮች ተጋድመዋል። አለንጋ ያረፈበት ገላ አይቼ አላውቅም፣ ግን አለንጋ ነው ሲሉኝ አለንጋ ሆኖ ታየኝ።

ትልቁ አጎቴ መጥቶ ፊቴ ተንበረከከ። "አንቺ ልጅ፣ ማታ ምን ሰማሽ? አትፍሪ።"

አትፍሪ ይበለኝ እንጂ እጁ ዱላውን ጨብጧል። "አባባ ጮኸባት" አልኩ። "ከዚያ አንድ ነገር ወደቀ።"

ያልሰማሁትን አላልኩም። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። የግቢው ሰው ሁሉ ወደ አባቴ ዞረ። አባቴ ከሽማግሌዎቹ መሐል ተነስቶ እጁን ዘረጋልኝ። "ልጄ..." አለ። መዳፉ ሁልጊዜም ቀይ ነበር፣ በርበሬ ሲያገላብጥ ይውላልና። ያን ቀን ግን እንደ አዲስ አየሁትና ሮጬ አክስቴ ቀሚስ ውስጥ ገባሁ። እጁ አየር ላይ ቀረ።

ሽማግሌዎቹ በመሐል ባይገቡ ኖሮ እዚያው ያልቅለት ነበር። ፖሊስ መጣና አባቴን ፒካፕ ላይ አወጡት፤ ለእስር ይሁን ለጥበቃ ያኔ አልገባኝም። ትንሹ አጎቴ መስኮቱ ጋ ተጠግቶ፣ ቀጠሮ እንደሚይዝ ሰው ረጋ ብሎ፣ "ፀሐይ ሳትጠልቅ አንተም ትከተላታለህ" አለው።  አባቴ የሚያየው እኔን ነበር።

እናቴን ወደ ሆስፒታል ወሰዷት። አክስቴ እጄን ጨብጣ አልለቅ ስላለች እኔም ተከተልኩ። ደጁ ላይ የሰፈራችን ሼኽ ፖሊሱን "ዛሬ እዚህ ካልታወቀስ?" ብለው ሲጠይቁ ቆሜ ነበር።

"አዲስ አበባ ትላካለች። እዚያ ተከፍታ ትመረመራለች።"

ተከፍታ የሚለው ቃል ከአንዱ ወደ ሌላው ሲዛመት ሰዉ ተንጫጫ። "እህቴን ቢላዋ አያገኛትም!" አለች አክስቴ። ትልቁ አጎቴ ደግሞ "እስከዚያ የሚጠብቅ የለም" አለ። በዚያች ሰዓት የያዘኝን ፍርሃት እስከ ዛሬ ሌላ ቦታ አላገኘሁትም። አባቴን ሊገድሉት ነው ብዬ ፈራሁ። ከዚያ በላይ ደግሞ፣ ሞቱ ይገባው ይሆን እንዴ ብዬ ፈራሁ።

ሐኪሟ ወጣት ሴት ነበረች፣ አነጋገሯ የአዲስ አበባ። ጓንቷን ስታጠልቅ ጣቶቿ ቀዳዳውን ሳቱ፤ የደጁን ጩኸት እሷም ትሰማለች። አክስቴን ውጪ አላለቻትም። "እርስዎ ነዎት ያጠቧት፣ እርስዎ ይዩልኝ" አለቻት። እኔን መጋረጃው አጠገብ አስቀምጣ ፊቴን ወደ ግድግዳ እንዳዞር ነገረችኝ። አላዞርኩም።

መጀመሪያ አገጯን ነካች፣ ክንዷን ልታጥፍ ሞከረች፤ ደርቋል። ጸጉሯን እየገለጠች ራስ ቅሏን ዳሰሰች፣ አንገቷን አየች፣ ከንፈሯን ገልብጣ አየች፣ ሁለቱን ክንዶቿን ወደ ብርሃን አዞረች። "ሰው ሲመቱት እጁን ያነሳል፣ ክንዱ ላይ ምልክት ይቀራል" አለች። "እዚህ ቁስል የለም፣ እብጠትም የለም።" ከዚያ እሷና አክስቴ ተጋግዘው ጎኗን አዞሯት።

ሐኪሟ ወይን ጠጁ ላይ አውራ ጣቷን ጫን አድርጋ ቆየች። ስታነሳው ነጭ የጣት ቅርጽ ቀረ። ቀስ በቀስ ተመልሶ ጠቆረ።

"አዩት?" አለች። "ልብ ሲቆም ደሙን የሚገፋው የለም፤ ውሃ ማሰሮ ሥር እንደሚተኛ ወደ ታች ይወርዳል። በጀርባዋ ስለተኛች ጀርባዋ ላይ ወረደ። ተመትታ ቢሆን ደሙ ከደም ሥሩ ወጥቶ ሥጋው ውስጥ ይገባ ነበር፣ ቢጫኑት አይሸሽም። እርስዎም ይሞክሩት።"

አክስቴ እጇን ዘርግታ መለሰችው።

"እባክዎ ቶሎ ይሞክሩት። ሰዓቱ ከገፋ ይኼም ይረጋል፣ ጣት ቢያርፍበት አይጠፋም። ነገ አዲስ አበባ ላይ ይኼን ማየት አይቻልም።"

አክስቴ "ቢስሚላህ" ብላ ጣቷን አሳረፈች። ነጭ ሆነ። ሌላ ቦታ ሞከረች፣ እዚያም ነጭ ሆነ። ግን የዋዛ ሴት አይደለችም። "ሰንበሩስ?" አለች። "ይኼ መስመር መስመሩ?"

"የተጫነ ቦታ ደም አይገባበትም። ትከሻዋና ዳሌዋም ነጭ ናቸው፣ ይዩአቸው። የተኛችው ምን ላይ ነበር?"

"አልጋዋ ላይ" አለች አክስቴ። እሷ ስትደርስ እናቴ አልጋ ላይ ወጥታ ነበር። ሐኪሟ ግንባሯን ቋጠረች። አልጋ፣ ፍራሽ፣ እንዲህ ያለ መስመር አያወጣም። ደጁ ላይ ትንሹ አጎቴ ሰዓት ሲጠይቅ ይሰማል።

"ጅባ ላይ ነበረች" አልኩ። ድምፄ ከየት እንደመጣ አላውቅም። "ሲያፍናት ወርዳ ጅባ ላይ ነው የምትተኛው። እኔም ስነሳ እንደዚያ እሆናለሁ። አንዱ ወደ ቡኢ ይወስዳል፣ አንዱ ወደ ወልቂጤ..." ሦስተኛውን መንገድ ልናገረው አልቻልኩም፣ ልቅሶ ቀደመኝ።

ፖሊሱ ሄዶ ጅባውን አመጣ። ሐኪሟ ዘርግታ ከእናቴ ጀርባ ጎን አስጠጋችው። ዘንጉ ያረፈበት ነጭ ነው፣ በዘንግና በዘንግ መካከል ያለው ጠቁሯል፤ ከላይ እስከ ታች አንድም የሳተ አልነበረም። አክስቴ ሲሚንቶው ላይ ዝርፍጥ ብላ ተቀመጠች።

ደጁ ላይ ሐኪሟ መናገር ስትጀምር ትልቁ አጎቴ በእጁ አስቆማት። "አንቺን አላውቅሽም የኔ እህት። ያጠበቻት ትናገር።"

አክስቴ ወደ ወንድሞቿ ቀረበች። "ወላሂ በጣቴ ነክቼዋለሁ" አለች። "ሰንበር አይደለም። የጅባ መስመር ነው። ማንም አልመታትም፣ ልቧ ነው የቆመው። ያጠበ ሰው ያየውን አይናገርም፤ እኔ አማናውን በልቼ ባሏን ላስገድል ነበር። አላህ ይቅር ይበለኝ።"

 ትልቁ አጎቴ ዱላውን ግድግዳ ላይ አስደግፎ ፊቱን በጋቢው ሸፈነ። እህቱ የሞተችው ለእሱ ገና ያኔ ነበር።

እናቴ ከመግሪብ ሶላት በፊት፣ ጀንበር ሳትገባ ተቀበረች። አባቴን ፖሊሶቹ ለቀብሩ አደረሱት፣ አጎቶቼም አብረውት አፈር መለሱ። ሲጨቃጨቁ የወደቀው ነገር የቆርቆሮ ኩባያ ነበር፤ እሷ ከምትተኛበት በተቃራኒው ግድግዳ ሥር ጎድጉዶ አገኘሁት። አባቴ ወደ ግቢው ሲገባ ከእኔ ራቅ ብሎ ቆመ። ሁለት እጁን ወደ ኋላ ደብቋል።

"ፈርተሽኝ ነበር?" አለኝ።

"አዎ።"

"እኔም ፈርቼ ነበር፣ የኔ እናት። ሁሉም ሲሉት ጊዜ እጄን አየሁት። ሳላውቅ ይሆን እንዴ ብዬ።"

ዞሬ ከኋላው ሄድኩና እጁን ያዝኩት። በርበሬ ይሸታል። ከዚያ ቀን በኋላ አባቴ በማንም ላይ ጮኾ አያውቅም። በእኔም፣ በተሸካሚውም፣ በፍየሉም ላይ። ሰዎች "ሐዘን አበረደው" ይላሉ። እኔ ግን ጩኸቱ ይናፍቀኝ ነበር፤ ከባድ ባልዲ እያነሳሁ ዞር ብዬ አየዋለሁ፣ ዝም ብሎ መጥቶ ይቀበለኛል።

ያንን ጅባ ፖሊሱ ሲመልስለት ጠቅልሎ በር ጀርባ አቆመው። ለዓመታት ማንም አልተኛበትም። አምና ሲደክም ግን አልጋውን ትቶ ወለሉ ላይ አነጠፈው። ከወልቂጤ ስደርስ እዚያው ላይ፣ በጀርባው፣ ዓይኑን ጨፍኖ አገኘሁት።

የሚያጥበው ትንሹ አጎቴ ነበር። ጸጉሩ ሸብቷል፣ አንድ እግሩን ያነክሳል። ጓዳው ሳይጋረድ እጁን ይዤ፣ "አጎቴ፣ ስታዞረው ጀርባው ይጠቁርብሃል" አልኩት። "መስመርም አለው። እንዳትደነግጥ።" ተማሪዎቼን በየዓመቱ የማስተምረው ነገር ነው፣ ግን ለእነሱ ስናገር ድምፄ አይሰበርም። አየኝና ገባ።

ውሃው ሲፈስ ሰማሁ። ጎኑን ሲያዞሩት ውሃው እንዳይቆም ትንፋሼን ዋጥ አድርጌ ጠበቅሁ። አልቆመም።

አጎቴ ሲወጣ እጅጌው እስከ ክርኑ ርሶ ነበር። ፊቴ ቆመ።

"ምንም አላየሁም፣ ልጄ" አለኝ።