ሦስተኛው ተናጋሪ

ሶፋ አዳሹ ወደዚያ ቢሮ መጀመሪያ የገባው ወንበር ሊጠግን ነው። ስለ ደም መመረዝ ሕዝብ አስተምራለሁ ብሎ የተቋቋመው በጎ አድራጎት ማኅበር ቦርድ በአምስት ዓመት ውስጥ አሥራ ሁለት ወንበር በመቀመጥ ብቻ ጨርሶ ነበር። ሕዝቡ ስለ ደም መመረዝ እስከዚያ ድረስ ያወቀው ነገር የለም፤ ወንበሮቹ ግን ቦርዱን ጠንቅቀው አውቀውታል።

ሰውዬው ተንበርክኮ፣ ትንንሽ ምስማሮች በከንፈሩ ይዞ ስፕሪንግ ሲያስር የቦርዱ ሰብሳቢ አጠገቡ ቆሙ። ሰብሳቢው ጡረታ የወጡ ዳኛ ናቸው፤ ጡረታ የወጣው ግን ሰውነታቸው ነው እንጂ ችሎቱ ገና አልተነሣም።

«ስለዚህ በሽታ ሰምተህ ታውቃለህ?» አሉት። የጠየቁት ሊያስረዱት እንጂ ሊያውቁ አልነበረም።

ሰውዬው ምስማሮቹን ካፉ አውጥቶ መዳፉ ላይ አስቀመጠ። «ሚስቴ በሱ ነው የሞተችው» አለ።

አሮጌ ሶፋ ስትፈታለት የዛገ ሽቦ መዳፏን ወጋት። በሦስተኛው ቀን ተንቀጠቀጠች፤ ብርድ ነው አላት። በአራተኛው ቀን ከሞቱ ሰዎች ጋር ማውራት ጀመረች፤ የምትቀልድ መስሎት ሳቀ። በአምስተኛው ቀን ሐኪም ቤት አደረሳት፤ ሐኪሙም «ትናንት ብታመጣት ኖሮ» አለው። ያቺ «ትናንት» እስከ ዛሬ ጆሮው ውስጥ እንዳለች ናት።

ዳኛው ይህን ሰምተው ዓይናቸው በራ። ማኅበሩ መዝገብ ነበረው፣ ማኅተም ነበረው፣ ሐዘንም በጽሑፍ ነበረው፤ ያልነበረው ሐዘንተኛ ነበር። በሳምንቱ ሰውዬውን «የተጎጂ ቤተሰብ ተወካይ» ብለው ቦርድ አስገቡት። «አንተ» ሲሉት የነበሩት ሰው በአንድ ጀንበር «እርስዎ» ይሉት ጀመር፤ በገዛ እጁ ከጠገናቸው ወንበሮችም በሩ ሥር ያለው ደረሰው።

የፈለገው አንድ ነገር ነው። የመዳፍ ስፋት ያላት ካርድ። ላይዋ ላይ አምስት ምልክት፦ መንቀጥቀጥ፣ ቶሎ ቶሎ መተንፈስ፣ መቀባጀር፣ ሽንት መጥፋት፣ የከንፈር መጥቆር። ታችዋ ላይ «ነገ አትበል፤ አሁን ሐኪም ቤት ሂድ» የሚል። በየመድኃኒት ቤቱ፣ በየጤና ጣቢያው በር ላይ እንድትለጠፍ። በቃ። ሌላ ምንም አልጠየቀም።

ይህችን ካርድ ቦርዱ አሥራ አራት ወር ተሸከማት። መጀመሪያ «መቀባጀር» የሚለው ቃል ለማኅበሩ ክብር አይመጥንም ተባለና «የንቃተ ህሊና መዛባት» ሆነ፤ ማንም እናት ልጇን «የኔ ዓለም፣ ንቃተ ህሊናሽ ተዛባ እንዴ?» ብላ እንደማትጠይቅ የሚያውቅ ሰው በዚያ ጠረጴዛ ዙሪያ አንድ ብቻ ነበር፤ እሱ ደግሞ እጁን አላነሣም። አንድ ቀን ትዕግሥቱ አልቆ በሰው ንግግር መሐል ስለ ካርዷ ተናገረ። ዳኛው ቃጭላቸውን ደወሉ፤ ካርዷም «በሥርዓት ያልቀረበ ሐሳብ» ተብላ ከአጀንዳ ወጣች። ለመመለስ ሰባት ወር ፈጀባት። ውሃ ሲወቅጡት እንቦጭ ይላል፤ እነዚህ ግን ሲወቅጡት ቃለ ጉባኤ ይወጣዋል።

ሌላም ጠባሳ አለበት። ያንኑ ዓመት የዳኛው ሾፌር ሲንቀጠቀጥ አይቶ፣ እየጎተተ ሐኪም ቤት ወሰደው። ጉንፋን ነበር። ከዚያ ወዲህ ቦርዱ በአምቡላንስ ጩኸት «ሳይረን» የሚል ስም አወጣለት፤ በሳቁ ቁጥር ሰውዬው አብሮ ይስቃል፣ ቤቱ ሲገባ ግን ያፍራል።

አሁን ወደዚያ ከሰዓት በኋላ እንምጣ። ካርዷ ስድስተኛ አጀንዳ ሆና ተመልሳለች። ሶፋ አዳሹ ሸሚዙን አስተኩሶ፣ ከሁሉ ቀድሞ መጣ። የማኅበሩን ጸሐፊ ወረቀት ስታድል አገኛት፤ ጉንጯን በሻርፕ አስራለች።

«ጋሼ ሳይረን፣ ዛሬ ደግሞ ማንን ሊጭኑ ነው?»

«አንቺን ነዋ፣ እቱ። ምን ሆነሽ ነው ፊትሽ?»

«ጥርሴን ተነቅዬ። የኛው የቦርዱ ዶክተር ናቸው የነቀሉኝ። ይኸው በሦስት ቀኑ አንዱ ጉንጬ ብቻውን ወፍሮ የቦርድ አባል መሰለ።»

«ያተኩስሻል?»

«ኧረ በእናትዎ አይጀምሩኝ! ሥራ አለብኝ።»

ስብሰባው ስምንት ተኩል ላይ ተጀመረ። ሦስተኛው አጀንዳ ማኅበሩ ስለ በሽታው የሚያሳትመው ትልቁ ፖስተር ነበር፤ የሰብሳቢው ፎቶ በስተቀኝ ይሁን ወይስ በስተግራ። የማስታወቂያ ሥራ ያለው አባል ዓይን ከግራ ነው የሚጀምረው ብሎ ሩብ ሰዓት ተናገረ። ክፍሉ ይሞቃል፤ ሰዎቹ በአጀንዳው ወረቀት ይራገባሉ። ጸሐፊዋ ተነሥታ መስኮቱን ዘጋች፤ ካፖርቷን ደረበች። ተቀምጣ ሳለ ደረጃ እንደወጣ ሰው ትተነፍሳለች።

ሶፋ አዳሹ እጁን አነሣ። ዘጠኝ ሰዓት ከአሥር ነበር።

«ሦስተኛ ተናጋሪ ነዎት» አሉ ዳኛው።

«አይ ጌታዬ፣ እኔ እንኳ ስለ ፎቶው ሳይሆን…»

ቃጭሉ ተደወለ። «በተራ!»

ጎኑ ወደተቀመጠው የጥርስ ሐኪም ጠጋ አለ። «ዶክተር፣ ልጅቷን ይዩዋት እስቲ። እየተንቀጠቀጠች ነው።»

ሐኪሙ ከስልኩ ቀና አላለም። «እኔ የነቀልኩት ጥርስ ነው። ትንሽ ማተኮስ ያለ ነው። አንተ ሰውዬ፣ ሁሉን ሰው ካልቀበርክ አይሆንልህም?»

ሰውዬው እጁን አላወረደም። ሐኪም ሆኖ እንዲህ ይላል! እንደገና ቃጭል ከተደወለበት ካርዷ ትጠፋለች፤ ሰባት ወር፣ ምናልባትም ለዘላለም። ካርዷ ደግሞ ለስንት ሰው ናት። ጉንፋን ቢሆንስ? ሾፌሩም ጉንፋን ነበር። የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች የሚባለውን ተረት ከማንም በላይ ያውቀዋል፤ ግን ተረት ማወቅ ማንን አድኖ ያውቃል?

ዳኛው ያለፈውን ውሳኔ እንድታነብ ጸሐፊዋን አዘዙ። ወረቀቱን አየችው፣ ገለበጠችው፣ «አውቶቡሱ ሞላ እንዴ?» አለች።

ቦርዱ በሳቅ ፈነዳ።

«ጸሐፊያችን ዛሬ አካሏን ልካ እሷ ቤት ቀርታለች» አሉ ዳኛው፤ ሳቁ ታደሰ። ጠረጴዛው መሐል የፖስተሩ ረቂቅ ተዘርግቷል፤ «የንቃተ ህሊና መዛባት» የሚለው በትልቁ፣ በቀይ ተጽፏል። ሳቁ ሲያንፈራፍራቸው በእጃቸው የሚደገፉት እሱ ላይ ነው።

ሶፋ አዳሹ አልሳቀም። አንድ ጊዜ ስቆ ያውቃልና። ነገር ግን እጁ እንደተነሣ ቀረ፤ ሁለተኛው ተናጋሪ ገና አልጨረሰም ነበር። አፉ ውስጥ ምስማር ያለ ይመስል ከንፈሩን ገጥሞ፣ ለሥነ ሥርዓት ሲባል፣ ጠበቀ።

«ሦስተኛ ተናጋሪ!» ሲባል ተነሣ። ያዘጋጀው ቃል ሁሉ ጠፋው። «እሷን… እሷን እዩዋት» አለ ብቻ።

ዞረው አዩ። ከንፈሯ ጠቁሯል፤ እርሳሷ ከጣቷ ወድቋል። ዳኛው ቃጭሉን ደውለው «ስብሰባው ለአጭር ጊዜ ተቋርጧል» አሉ። ሶፋ አዳሹ ሶፋ በተሸከመበት ጀርባው ልጅቷን ተሸክሞ ሁለት ፎቅ ወረደ። ታክሲ ውስጥ አንድ ጊዜ ዓይኗን ገለጠች።

«ጋሼ፣ ቃለ ጉባኤው አልተፈረመም» አለችው።

ሐኪም ቤት «ከስንት ሰዓት ጀምሮ ነው?» ብለው ጠየቁት። ነገራቸው። የጠየቀው ወጣት ሐኪም ጻፈ። በማግስቱ ቀትር ላይ ሞተች። ቶሎ ብትደርስ ትድን እንደነበር ወይም እንደማትድን ማንም አልነገረውም፤ ስለ ሚስቱ «ትናንት» ብለውት ነበር፣ ስለዚህችኛዋ ግን ዝም አሉት፤ ዝምታው ባሰበት።

ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ቦርዱ በወሩ ተሰበሰበ፤ አንድ ደቂቃ ቆመው አሰቧት። ዳኛው ሰዓታቸውን አይተው ስልሳኛዋ ሰከንድ ላይ ተቀመጡ። ያን ቀን የተያዘው ቃለ ጉባኤ ለማጽደቂያ ዞረ። በእሷ ጽሑፍ «9፡10፤ የተጎጂ ተወካይ እጅ አነሡ» ይላል፤ ከዚያ በታች ያለው መስመር እየተንሸራተተ ከወረቀቱ ጠርዝ ይወድቃል። ቀሪውን ዳኛው በገዛ እጃቸው፣ በሚያምር ጽሕፈት ሞልተውታል። «9፡52፤ የመናገር ዕድል ተሰጣቸው።»

«ማረሚያ ያለው አባል?» አሉ።

ማረሚያ! ሶፋ አዳሹ በሁለቱ መስመሮች መካከል ያሉትን አርባ ሁለት ደቂቃዎች ትኩር ብሎ አየ። ከሐኪሙ ፊርማ ሥር ፈረመ።

ከዚያ ዳኛው ጉሮሯቸውን ጠረጉ። ፖስተሩ ለሟች መታሰቢያ ይሆናል፤ ፎቶዋም ከሰብሳቢው ፎቶ ሥር በትንሹ ይገባል። ካርዷ ከፖስተሩ በኋላ ትታያለች። የተጎጂ ቤተሰብ ተወካይ መቀመጫ ደግሞ አንድ ብቻ ስለሆነ፣ ሐዘኑ ትኩስ ለሆነ ሰው መልቀቅ ተገቢ ነው። «አንተም ብዙ አገልግለሃል» አሉት። «እርስዎ» እንደመጣች ሄደች።

በቀጣዩ ስብሰባ የመጣው የሟች ጸሐፊዋ ባል ነው፤ የአውቶቡስ ሾፌር፣ ከሐዘኑ በላይ የተበደረው ኮት የሚያስጨንቀው ሰው። ሶፋ አዳሹ በሩ ላይ ጠብቆ ወንበሩን አሳየው።

«ስፕሪንጉን እኔ ነኝ ያሰርኩት። አይወጋህም።»

«እሺ ጋሼ።»

«ስማኝ ወንድሜ። እጅህን እንዳታነሣ። የምትለው ካለህ ጩህባቸው። ጠረጴዛውን ምታ። ቃጭሉን ቀማቸው።»

ባልየው «ይህ ሰው ምን ነካው?» በሚል ዓይን አየው። «እሺ ጋሼ» አለ፤ የደነዘዘ ሰው ለሁሉም እሺ ነው።

በሩ ባለመስታወት ነው። ተዘጋ፤ ድምፅ አይወጣም። ሶፋ አዳሹ ኮሪደሩ ላይ ቆሞ አየ። ወረቀት ታደለ። ሐኪሙ ስልኩን አወጣ። የማስታወቂያው ሰው ተነሥቶ በእጁ አየር ላይ አራት ማዕዘን ሣለ፤ ፎቶ መሆኑ ነው። ጥቂት ቆይቶ ባልየው እንደ መናገር ብሎ አፉን ከፈተ፣ ዙሪያውን አየና መልሶ ዘጋው። ከዚያ ቀስ ብሎ፣ እንደ ትምህርት ቤት ልጅ፣ እጁን አነሣ።

ዳኛው አራት ጣታቸውን አሳዩት።