ማንም ያልሞተበት የእድር ድንኳን

ዛሬ ጠዋት ሐዲዱ ዳር የእድራችን አዲስ ድንኳን ሲተከል ያየ ሁሉ ነጠላውን አዘቅዝቆ መጣ። "ማን ሞተ?" እያለ ያለቀሰም አለ።

ማንም አልሞተም፤ ስብሰባ ነው። (የደነገጣችሁ ይቅርታ፤ ግን እንዲህ የሞላ ስብሰባ አይተን አናውቅም።)

ድንኳኑን የገዛልን እዚሁ አቃቂ ያደገ ባለሀብት ነው። መጀመሪያ የሰፈሩ መግቢያ ላይ ስሙ ያለበት ትልቅ በር ሊያሠራልን ነበር።

የእድራችን ሰብሳቢ እትዬ አስካለ ግን "በሩ ይቅርብን ልጄ። ድንኳንና ማይክ ግዛልን፤ መናገሩን እኛ እንችልበታለን" አሉት። ሳያኮርፍ ገዛ። ተባረክ ብለነዋል።

ሐዲዱ ሰፈራችንን ለሁለት ከከፈለው ጀምሮ የእግረኛ መሻገሪያ ስንጠይቅ ቢሯቸው የማይገኙት የወረዳችን ኃላፊም ለቅሶ መስሏቸው መጡ! "እግዜር ያጽናችሁ" ብለው ፊት ወንበር ላይ ተቀመጡ።

እትዬ አስካለ ማይኩን ያዙ። "ገና አልሞተብንም ጌታዬ። ልጆቻችን ሐዲዱን ሲሻገሩ እንዳይሞቱብን ነው የተሰበሰብነው።"

ሰውየው እስከ መጨረሻው ሰሙ። ነገ መሐንዲስ ይዘው ሊመጡ በዚያው ማይክ ቃል ገቡ።

እስኪመጡ ድንኳኑ አይነቀልም። እናንተስ ሰፈር ሰው ሳይሞት ድንኳን ተተክሎ ያውቃል? እስቲ ንገሩን።