ከባሮ ዳር የተነሳው ሸራ

ጋምቤላ ክልል በሆነች ሰሞን ሱቄ አራት ባላና አንድ ሸራ ነበር። ጨው፣ ሳሙናና የባትሪ ድንጋይ እሸጣለሁ። ቦታው ግን ቦታ ነው፤ በባሮ ወንዝ ከማታር የሚመጡ ጀልባዎች ከሚያራግፉበት ዳር ሽቅብ በምትወጣው ቀጭን መንገድ የላይኛው አፍ ላይ። ወደ ከተማ የሚገባ ሁሉ እኔን ሳይታከክ አያልፍም።

ከጎኔ አሳ የምትሸጥ ሴት ነበረች፤ የአገሬው ልጅ፣ ባሏ የሞተባት። ቅርፊት እየፋቀች የቤተ ክርስቲያኗን መዝሙር በቋንቋዋ ታንጎራጉራለች። የዋጋ ክርክር የሚያበዛ ገዢ ከመጣ መዝሙሩን ሳታቋርጥ አሳውን ከእጁ ትቀበለዋለች። እኔን «ደገኛው» ነበር የምትለኝ። ፀሐዩ አሳዋን ሲቀቅልባት አይቼ ሸራዬ ላይ ሌላ ሸራ ቀጠልኩና እስከ እሷ አደረስኩት። ከሰዓት በኋላ ፀሐይ በወንዙ በኩል ስለሚገባ ጫፉንም ወደ ታች ለቀቅኩት። ለአሳው ነው አልኩ። አሳው አመነኝ፤ እሷ ግን ሳቀች።

ጀልባ በመጣ ቁጥር ጠብ ነበር። ባለንብረቱ አንዱን ጆንያ አውጥቶ ከመንገዱ አፍ ያስቀምጥና ለሁለተኛው ይወርዳል፤ ሲመለስ የመጀመሪያው የለም። ክሱ ከሰው ወደ ጎሳ ይዞራል፣ ዱላ ይነሳል። ፖሊስ ይደርስና ሮጦ ያላመለጠውን ሁሉ ሰብስቦ ይሄዳል። ሌባ ደግሞ መሮጥ ያውቃል። አንድ ጊዜ፣ ተሸካሚ የነበረው የእሷ ወንድም ሊገላግል ገብቶ ተፈነከተ።

ከዚያ በኋላ አዲስ አስር አለቃ ተመደበ፤ የአገሬው ሰው፣ አማርኛውን እየቆጠበ የሚናገር። ማንንም አልያዘም። አንዴ ከውሃው ዳር፣ አንዴ ከላይ እየቆመ ያያል። የተሰረቀባቸውን ጆንያውን የት እንዳስቀመጡ፣ ሲወርዱ ምን ይታያቸው እንደነበር ይጠይቃል። ሌባ የሚፈልግ ሳይሆን ቦታ የሚገዛ ይመስላል ብዬ አማሁት።

አንድ ጠዋት ከታች ሆኖ ጠራኝ። ስወርድ ትከሻዬን ይዞ ወደ ላይ አዞረኝ።

«ወንድሜ፣ ከላይ ያስቀመጥኩት ጆንያ ይታይሃል?»

ከሸራዬ በቀር የሚታየኝ አልነበረም።

«አንድ ሌባ ብይዝ ሌላ ይመጣል። ሸራው ይነሳ። ታች ያለ ሰው ንብረቱን ይይ።»

ጫፉን ብቻ ልስቀለው አልኩት፤ መንገዱም መስፋት አለበት አለ። ነጋዴ ነኝና እምቢ የሚባልበትን መንገድ አላጣሁም ነበር፤ የማውቃቸው ሹሞች ነበሩ። ሽማግሌ እልካለሁ ብዬ ስፎክር እሷ ከአሳዋ ቀና አለች።

«አንሳው፣ ደገኛው። እኔ ማንጎ ስር እቀመጣለሁ። ወንድሜ ሁለት ራስ የለውም።»

አነሳሁት። ሰዉ ተባብሮ መንገዱን ቆፍሮ አሰፋው። በቀጣዮቹ ጀልባዎች ስድብ ብቻ ቀረ፤ ስድብ ማንንም አይፈነክትም። ሌባው ማን እንደነበር እስከ ዛሬ አናውቅም።

እኔ ወደ አስፋልቱ ወጣሁ፤ ገበያዬ እንዲያውም ደራ። ግን ከጎኔ ዝምታ ብቻ ሆነ፤ ያ ጠብ እንኳ የሚናፍቀኝ ቀን ነበር። አሳ አልወድም፤ አሳ ለመግዛት ግን እወርድ ነበር። «ድመት አበዛህ እንዴ?» ትለኛለች፤ አዎ እላታለሁ።

አንድ ቀን ስወርድ ከማንጎው ስር ሌላ ሴት አገኘሁ። ወንድሟን ተከትላ ወደ ዲማ ወርቅ ማውጫ ሄደች አለችኝ። ያን ቀንም አሳ ገዛሁ። በሰፊው መንገድ ቀስ ብዬ ወጣሁ፤ የሚገፋኝ አልነበረም።