ከሰበታ እስከ ሱሉልታ፦ የፒያኖ ቁልፍ ማጽጃ ፍለጋ

ቅዳሜ ከሰበታ ያስወጣችኝ አንዲት ሎሚ ናት። አክስቴ እቴቴ ዓይናቸውን ታክመው እሑድ ከአዲስ አበባ ይመለሳሉ። የድሮው ፒያኗቸው ቁልፎች ላይ የተለበጠው የዝሆን ጥርስ ከእጅ እድፍ ብዛት ቡና መስሏል። በጠራ ዓይናቸው ነጥቶ እንዲያዩት ብዬ አንዱን ቁልፍ በሎሚ ፈተግኩት። እድፉ ሳይለቅ ልስላሴው ለቀቀ፤ እንደ ጠመኔ ሻከረ። ሌሎቹን እንዳላበላሽ፣ ቀድሞ ተላቆ መሳቢያ ውስጥ የነበረ አንድ ሽፋን በመሐረብ ጠቅልዬ የማይጎዳ ማጽጃ ፍለጋ ወጣሁ።

ሰበታ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል

የመድኃኒት ቤቷ ሴትዮ አልኮል አወረደችልኝ።

«ቁስሉ የት ነው?»

«ፒያኖ ላይ። የዝሆን ጥርስ ነው።»

«እንግዲያው አልኮል ያደርቀዋል፤ ሊሰነጠቅም ይችላል። ጥርስ ከሆነ በጥርስ ሳሙና ሞክሪ።»

ሳሙናውን በጣቴ አሸት አሸት አደረግኩት። አሸዋ አሸዋ ይላል። ተውኩት።

ቡራዩ፣ አምስት ሰዓት

በአየር ጤና ዞሬ፣ አስኮ ላይ ታክሲ ቀይሬ፣ የሰው ዶሮ ታቅፌ ደረስኩ። ቀለም ሻጩ ቲነር አቀረበ።

«በዚህ ዝሆኑ ራሱ ይነጣል።»

መጀመሪያ በፕላስቲክ ማበጠሪያዬ ሞክር አልኩት። ማበጠሪያው ማስቲካ ሆነ።

«የምትሸጠው ማጽጃ ነው ማጥፊያ?»

«እህቴ፣ አፍሽ ከቲነሩ ይብሳል» አለኝ። ሱሉልታ ከቀንድ ዋንጫ የሚሠሩ ሽማግሌ እንዳሉ የጠቆመኝ ግን እሱው ነው።

ሱሉልታ፣ ስምንት ሰዓት

በአዲሱ ገበያ በኩል ዳገቱን ወጣን። የሱሉልታ ነፋስ ጆሮ ይቆርጣል። አንድ ብርጭቆ እርጎ ጠጥቼ ሄድኩ፤ ሽማግሌው ኦቦ ቶላ ደጃቸው ላይ ቀንድ ይሞርዳሉ።

«አካም ጅርታ፣ ደኅና ነሽ ልጄ» አሉና ሽፋኑን ተቀብለው በጥፍራቸው ዳሰሱት። አውራ ጣታቸው ላይ እንትፍ አሉ፣ አሹት፣ በጨርቅ ጠረጉት። ጨርቁ ጠቆረ፤ ሽፋኑ ፈካ።

«ምራቅ? እኔ በሎሚ ነበር የሞከርኩት።»

«ሎሚ አጥንት ይበላል። ምራቅ ግን ዕድሜሽን ሙሉ ከጥርስሽ ጋር ኖሯል፤ በልቶብሽ ያውቃል?»

«ለምራቅ ነው ሦስት ከተማ የዞርኩት?»

«እኔን ምን ታደርጊኛለሽ፣ ይዘሽው ነው የመጣሽው። ነገ አፍሽን ተጉመጥምጠሽ፣ እህል ሳትቀምሺ ሥሪ። ወዲያው አድርቂው።»

እሑድ፣ ሰበታ

ሃያኛው ቁልፍ ላይ ምራቄ ደረቀ። ያቺኑ ሎሚ ቆርጬ ፊት ለፊቴ አስቀመጥኳት፤ እሷን ሳይ አፌ ምራቅ ሞላ፤ ጨረስኩ። ከመንገዱ የተማርኩት ይኼው ነው፦ ሎሚ የሚጠቅመው ርቆ ሲቀመጥ ነው። የአጥንትን ነገር ደግሞ አጥንትና ቀንድ የሚሠራ ይጠየቃል እንጂ ጠርሙስ የሚሸጥ አይጠየቅም።

እቴቴ ገብተው ፒያኖው ጋ ተቀመጡ። ከዓይናቸው ጣታቸው ቀደመ፤ የሻከረችው ላይ ቆመ።

«ይቺን ምን ነካት?»

ከሎሚው እስከ ምራቁ ተናዘዝኩ። ቁልፎቹን ከዳር እስከ ዳር አዩ። ከዚያ ጣታቸውን አንድ በአንድ በነጠላቸው ጠረጉ።

«ይሄ አፍሽ ለምን ይጠቅም ይሆን እያልኩ ስንት ዓመት ተጨነቅሁ» አሉና መጫወት ጀመሩ። የሻከረችውንም አልዘለሏትም።