የጋሽ ይመር ቲሸርት

ባለፈው ቅዳሜ ጠዋት... እዚሁ መካነ ሰላም፣ ቲሸርት የማትምባት ሱቄ ውስጥ ተቀምጬ ራሴን እያደነቅኩ ነበር።

ምን ላድርግ፣ ሥራዬ ያምራል! ለሠርግ ታዝዤ «የዘይነባ ወንድም»፣ «የዘይነባ አክስት» እያልኩ አስር ቲሸርት በቀይ የቬልቬት ስቲከር አትሜ ጨርሻለሁ። ያ በማሽን ተቆርጦ በሙቀት የሚለጠፈው፣ ሲነኩት እንደ ጥጃ ጠጉር የሚለሰልሰው። የቀረኝ የአባትየው ብቻ ነበር... ቬልቬቱ አለቀ። ሠርጉ ደግሞ ነገ ነው፤ ከደሴ እስኪመጣ ማን ይጠብቃል?

አልደነገጥኩም። የሙሽራዋ አባት ጋሽ ይመር ዓይነ ስውር ናቸው። «እሳቸው እንደሁ አያዩት» ብዬ በተራው ቀይ ስቲከር «የዘይነባ አባት» ብዬ አተምኩ። በብልጠቴም ኮራሁ።

ከሰዓት ዘይነባ አባቷን እየመራች መጣች። ጋሽ ይመር ቲሸርቶቹን አንድ በአንድ እየተቀበሉ ጽሑፉን በጣታቸው ይዳስሳሉ። «ማሻ አላህ! ይኼ የማነው?» ይላሉ፤ ዘይነባ ታነብላቸዋለች።

የራሳቸው ደረሰ። ዳሰሱት... ደገሙት...

«ይኼስ?»

«የአንቱ ነው አባዬ።»

«የኔው ምነው ፌስታል ሆነ?»

«ቬልቬቱ አልቆብኝ ነው ጋሼ... ቀለሙ ግን አንድ ነው» አልኩ። ምነው ባላልኩ!

«ልጄ» አሉኝ ረጋ ብለው፣ «ዓይን ላለውማ ቀለሙ ይበቃው አልነበር?»

መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ። በጣም አፈርኩ።

ግን እኔ በሥራዬ እጅ አልሰጥም። የቁርጥራጭ ካርቶኔን ገለበጥኩት። አረንጓዴ ቬልቬት አለ፣ ቢጫ አለ፣ ሐምራዊ አለ... ለሙሉ ጽሑፍ የሚበቃ አንድም የለም፤ ለአንድ ለአንድ ፊደል የሚሆን ግን ሞልቷል።

«ጋሼ፣ ቀለሙ ዝንጉርጉር ቢሆን ይከፋዎታል?»

«ለኔ?» ብለው ሳቁ። «አብሽሪ! እኔ እንደሁ አላየው።»

ስምንቱን ፊደል ከየቁርጥራጩ ቆርጬ አዲስ ቲሸርት ላይ ለጠፍኩ። ፊደሎቹን የሸፈነው ላስቲክ የሚላጠው ሲቀዘቅዝ ነው፤ እሳቸው ግን «ደረሰ?» እያሉ መቀመጥ አቃታቸው። ላጥኩና ጣታቸውን ይዤ «ከዚህ እስከዚህ ዘይነባ፣ ከዚህ ወዲያ አባት» አልኳቸው።

«አባት» የሚለው ላይ ብዙም አልቆዩም። የልጃቸው ስም ላይ እየተመለሱ ደባበሱት። ዘይነባ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች... እኔም ማሽን የማጠፋ መሰልኩ።

ማክሰኞ የዘይነባ ወንድሞች ተሰብስበው መጡ። ያንን ያማረ ባለቀይ ጽሑፍ ቲሸርታቸውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፉና «እኛም የአባባን ዓይነት ነው የምንፈልገው!» አሉኝ።

እናንተዬ... ዘንድሮ መካነ ሰላም ላይ የቀለም ፋሽን ያወጡልን ጋሽ ይመር ናቸው።