ያልታረደው ቡሬ

ማረው ወረቀት የሚወድ ገበሬ ነው። የማዳበሪያ ደረሰኙን፣ የመሬት ደብተሩንና የከብት ክትባት ካርዱን በአንድ ፌስታል ጠቅልሎ ከራስጌው ያንጠለጥላል። የጉማራ ወንዝ ሞልቶ የፎገራን ሜዳ በሸፈነበት ክረምት ከቤቱ መጀመሪያ በራሱ ላይ ተሸክሞ ያወጣው ያንን ፌስታል ነው። ሚስቱ ሙናዬ እሷ ሁለተኛ እንደወጣች እስከ ዛሬ ታወራለች።

ስለዚህ ወረታ ላይ የመድን ስልጠና በተጠራ ጊዜ ከፊት ወንበር የተቀመጠው እሱ ነበር። አዳራሹ ውስጥ «የባንክና የመድን ድርሻ በታዳጊ ኢኮኖሚ» የሚል ሸራ ተሰቅሏል። አሠልጣኙ የኔነህ የሚባል ከአዲስ አበባ የመጣ ወጣት የመድን ድርጅቱ ሠራተኛ ነው። ገንዘብ ከባንክ ወደ ገበሬ፣ ከገበሬ ወደ ፋብሪካ እንዴት እንደሚዞር በቀስት እየሣለ አስረዳ። ቀስቶቹ ያምሩ ነበር፤ ዞረው ዞረው ሁሉም ባንኩ ላይ ያርፉ ነበር። ተሰብሳቢው የታሸገ ውሃና አበል ተሰጠው። አበሉ ለመድኑ ክፍያ ስላልበቃ ማረው በግ ሸጦ ሞላና ሁለቱን በሬዎቹን፣ ቡሬንና ዳልቻን፣ መድን አስገባ።

በሰፈሩ ግን የቆየ ሥርዓት አለ። የአንዱ በሬ እግሩ ከተሰበረ ጎረቤት ቢላ ይዞ ይመጣል። በሬው ይታረዳል፤ ሥጋው በመደብ ይከፋፈላል፤ መደብ የወሰደ ሁሉ፣ ሥጋ ቢያምረውም ባያምረውም፣ ይከፍላል። ባለበሬው በዚያ ገንዘብ ሌላ በሬ ይገዛል። ይህ ሥርዓት ቢሮ የለውም፤ ሸራም ተሰቅሎለት አያውቅም።

«ይሄ ኋላቀር አሠራር ነው» አለ ማረው ከስልጠናው ሲመለስ።

አድማሴ የተባለው አንድ በሬ ብቻ ያለው ጎረቤቱ ሰማው። «የአያ ሰማኸኝ በሬ ሲሰበር ሁለት መደብ የወሰድኸው አንተ አይደለህም?»

«ያኔ አልሠለጠንሁም ነበር።»

ግንቦት ሊያልቅ ሲል፣ የመጀመሪያው ዝናብ ዋልካውን አፈር ባረጠበ ማግስት፣ ቡሬ የመሬት ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ የፊት እግሩ ተሰበረ። የሩዝ ማሳው ገና አልታረሰም። በአንድ በሬ አይታረስም፤ ካልታረሰ ደግሞ የዓመቱ ሩዝ የለም። ጎረቤቶቹ ቢላና ኮባ ይዘው ደረሱ። ወቅቱ በዓለ ሃምሳ ነው፤ ጾም የለም። ፊታቸው ላይ ኀዘን ነበር፤ ብዙ ግን አልነበረም።

ማረው ዱላውን ይዞ ከበሬው ፊት ቆመ። «ማንም እንዳይነካው። የመድኑ ሠራተኛ ሳያየው እንዳይታረድ ውሉ ላይ ተጽፏል።»

«አያ ማረው፣ በሬው ውሉን ፈርሟል?» አለ አድማሴ።

«እኔ ፈርሜለታለሁ።»

«እንግዲያው አንተው ታመምለት።»

ሰዎቹ ቢላቸውን ይዘው ተመለሱ። ማረው ለየኔነህ ደወለ። «አባቴ፣ እንዳለ ይቆይልን፣ ነገ እንመጣለን» አለው የኔነህ። በነጋታው መኪናው ደብረ ታቦር ሄዷል ተባለ። በሦስተኛው ቀን ነዳጅ ጠፋ። ማረው ሣር እያጨደ ለቡሬ ከአፉ ያቀርብለታል፤ ውሃ በጣሳ ይሰጠዋል፤ ዝንቡን በጋቢው ያባርርለታል። ቡሬ ዐይኑን ከእሱ ላይ አልነቀለም።

«ኧረ ይገላገል» አለች ሙናዬ።

«ነገ ይመጣሉ» አላት። ይህን ሲል ወደ በሬው አላየም።

በአራተኛው ቀን ጧት ቡሬ ሞተ። ረፋድ ላይ የኔነህ በባጃጅ ደረሰ፤ አፍንጫውን በመሐረብ ይዞ በድኑን ዞረው።

«ለምን አላረዱትም?»

«እንዳለ ይቆይ ያላችሁኝ እናንተ ናችሁ።»

«እሱ ልክ ነው። ግን አንቀጽ አሥራ አራት ላይ ባለንብረቱ ጉዳቱን የመቀነስ ግዴታ አለበት። ሥጋው ተሸጦ ቢሆን ጉዳቱ ይቀንስ ነበር።»

«አርጄ ብሸጠውስ?»

የኔነህ ገጹን ገለበጠ። «ያኔ አንቀጽ አሥራ ሦስት አለ። እኛ ሳናየው ከታረደ አይከፈልም።»

«ታዲያ የሚከፈለው መቼ ነው?»

የኔነህ ክፉ ልጅ አልነበረም፤ አስቦ ነው የመለሰው። «እዚህ ወረዳ እስካሁን አልገጠመኝም።»

ቅሬታ በሦስት ኮፒ ማስገባት እንደሚቻል ነግሮት በመጣበት ባጃጅ ሄደ። ቡሬን ጅቦች ተካፈሉት፤ መደብ የከፈለ የለም።

ማረው ዳልቻን ብቻ ይዞ ቀረ። አንድ አንድ በሬ ያላቸው ሁለት ሰዎች በሬዎቻቸውን አጣምረው ተራ በተራ ማረሳቸው መቀናጆ ይባላል። በሰፈሩ ያልተቀናጀ አንድ በሬ የነበረው አድማሴ ብቻ ነው። ማረው ሁለት ቀን ከራሱ ጋር ሲሟገት ቆይቶ በሦስተኛው ከአድማሴ አጥር ዳር ቆመ።

«እንቀናጅ?»

«ከኋላቀር ጋር?»

ማረው መሬት መሬት አየ።

አድማሴ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም፤ ግን ነገሩን በቀላሉ አልለቀቀውም። «መጀመሪያ የኔ ማሳ ይታረሳል። ቀጥሎ የአማቴ። ከዚያ ያንተ። ከሁለቱ በሬዎች አንዱ ቢሰበር በዚያው ሰዓት ይታረዳል፤ ለማንም አይደወልም።»

«ይሁን።»

«የፈረምነው ነገር እንደሌለ ልብ በል።»

«ይሁን አልሁህ፣ አድማሴ።»

ማረው የሰው መሬት ስድስት ቀን አረሰ። በሰባተኛው ወደ ራሱ ማሳ ሲገባ ዝናቡ ቀድሞታል፤ ግማሹ ላይ በሬ የማያስገባ ውሃ ተኝቷል። ሙናዬ ከዳር ቆማ ውሃውን አየች፣ ባሏን አየች።

«ግማሽም ሩዝ ነው» አለችው።

እሱም እርፉን ጫን አድርጎ ይዞ ከደረቁ በኩል ማረስ ጀመረ።